ቅቤ የማያቀልጥ ጥላ

ባለፈው ዓመት የደን ባለሙያነቴን ትቼ ጎንደር ከተማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ። የተውኩት ሥራ ዕድሜው አጭር ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ቁጭ ብሎ እንደሚያወራው ረጅም ታሪክ የለውም። ለመጻፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ስለ ዛፎች ጥቅም ሳስተምር ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ዋርካ ግን ምን ይጠቅማል? ፍሬው አያጠግብ፣ እንጨቱ ቤት አይሠራበት» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስለ አፈር ጥበቃና ስለ ንጹሕ አየር መጽሐፉ የሚለውን መለስኩላት፤ ደወሉ ተደወለ።

ሰው ፊት ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ቤት ገብቼ ግን ያልነገርኳት መልስ ዕረፍት ነሣኝ። ዋርካ ምን እንደሚጠቅም በሚገባ አውቃለሁ። ያወቅሁትም ከመጽሐፍ አይደለም።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከከተማው ዳር ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም፤ የውሎ አበል ቅጹም እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚያ ብዙ አልልም። ጣቢያውን የሚመሩት ጋሽ ደረሰ የደን ትምህርት የተማሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ጸጥታዬን አይተው፣ «ደግ ነው፤ ዛፍም አያወራም፤ ትግባባላችሁ» አሉኝ።

ጋሽ ደረሰ ዛፍ ሊመረምሩ ሲሄዱ ዛፉን ቀና ብለው አያዩም። ከጥላው ዳር ቆመው መጀመሪያ የሚያዩት መሬቱን ነው። ምን ወድቋል? ያለ ጊዜው የረገፈ ቅጠል? የተላጠ ቅርፊት? ከሥሩ ላይ የበቀለ እንጉዳይ? «ዛፍ ሕመሙን የሚጥለው ከእግሩ ሥር ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ግንዱን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ጥላው ከተቀመጡበት ሸሽቶ ፀሐይ እስክትነካቸው ድረስ አይነሡም። እኔ እንደ ስንፍና ቆጥሬው ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ የጥላውን አካሄድ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ያለ ነፋስ እንደሚወዛወዝ የሚያዩት በዚያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ከወይራ የተሠራች ትንሽ መዶሻ ከቦርሳቸው አውጥተው ግንዱን ዙሪያውን ያንኳኳሉ፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰማሉ።

ይህን መስማት ያስተማሩኝ ወለቃ ነው። አንድ ቀን በከተማው ሰሜን ካለው ከዚያ የሸክላ መንደር ወስደውኝ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ማሰሮዎች ፊት አቆሙኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚና በጣትሽ ምቺ። የተሰነጠቀውን አውጪልኝ።»

አንዱን መታሁ፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ሌላውን መታሁ፤ እንደዚያው። ሦስተኛው የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

«ይህ» አልኩ።

ሸክላ ሻጯ ተቆጣች። «የኔ እመቤት፣ ማሰሮዬን ስም አታጥፊበት። ደግሞ የማትገዙ ከሆነ ምነው ታንኳኳላችሁ?»

ጋሽ ደረሰ ማሰሮውን አገላብጠው ከቂጡ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አሳዩዋት። ሴትዮዋ ማሰሮውን ተቀብላ ወደ ኋላ አኖረችውና፣ «ነገም ይላኳት» አለች፤ «ገዢ ሳያይብኝ እሷ ትይልኝ።» ከዚያ በኋላ ወለቃ ባለፍን ቁጥር መኪናው ይቆማል፤ እኔም አንኳኳለሁ። ግንድም እንደ ማሰሮ ነው። ድፍኑ አጭርና ደረቅ ድምፅ አለው፤ ውስጡ የተበላው ይጮሃል፣ ያስተጋባል። ልዩነቱ ማሰሮ ድፍን ሲሆን መጮሁ፣ ግንድ ሲጮህ መታመሙ ነው፤ ይህንን ለመለየት ጆሮዬ ብዙ ተቀጥቷል።

አብዝተን የሠራነው በዋርካ ላይ ነበር። ዋርካ ግንዱ እንደ ሌላ ዛፍ አንድ ወጥ አይደለም፤ ብዙ ገመድ አንድ ላይ የተገመደ ይመስላል። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። የትኛውም ቦታ ቢቆረጥ ነጭ ወተት ይፈሰዋል፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ልብስ ላይ ከነጠበም አይለቅም። ፍሬው ክብ፣ ከቀንበጡ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ሰው እምብዛም አይጓጓለትም፣ ወፍና ዝንጀሮ ግን ይጣሉበታል። ዘሩ ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። ወፍ ፍሬውን በልታ ከሌላ ዛፍ ጉያ ወይም ከግንብ ስንጥቅ ትጥለዋለች፤ እዚያው ይበቅልና ሥሩን ወደ መሬት ይልካል። ስለዚህ ገበሬው ዋርካን ወፍ ዘራሽ ይለዋል። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ለምሰሶ አይሆንም፤ ምስጥ ይደርስበታል። ከግንዱ ገንዳና ቀፎ የሚጠርቡ አሉ። ዋናው ነገሩ ጥላው ነው። በጋ ላይ ሌላው ዛፍ ራቁቱን ሲቀር እርሱ ቅጠሉን አያራግፍም።

የደረሰብኝ ትልቁ ሽንፈት ከዚህ ዛፍ ጋር ነው። ሁለተኛው ምድቤ አዲ አርቃይ ነበር። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለ ሞቃት አገር ነው፤ በመንገዱ ዳር ባለው ገበያ ጥላ ጠፍቶ ነጋዴው የሚሸሸው ከጭነት መኪና ሥር ነበር። ዋርካ ከዘር ማሳደግ ዘመን ይፈጃል፤ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ግን ይቻላል። ዕቅዱን እኔና ጋሽ ደረሰ አብረን ነደፍን። ሐምሌ ላይ፣ ሁሉም ሰው ችግኝ በሚተክልበት በዘመቻው ወቅት፣ ከትልልቅ ዋርካዎች ቁራጭ አውርደን በዚያው ቀን በገበያው ዙሪያ ተከልን። ሕዝቡ ወጥቶ አገዘን፤ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ አጥሩን አጠረ።

ቁራጮቹ በሳምንታት ውስጥ ቅጠል አወጡ። እኔ በመንገዱ ስመላለስ እየዳሰስኳቸው ነበር የማልፈው። እህል የሚነግዱ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ አላመኑም።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ወፍ ዘራሽ ነው» አሉኝ። «የወፏን ሥራ ቀምታችሁ እንዳታኮርፍባችሁ።»

«አያ ፈንቴ፣ ይኸው ለምልሟል።»

«ይሁን፤ ሸጋ ነው። ወፏን ግን ይቅርታ ጠይቂያት።»

መስከረም ሲጠባ ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ጥቅምት ላይ ከአንዱም ሕይወት ያለው ቀንበጥ አልተገኘም። ጋሽ ደረሰ ከጎንደር መጡና አንዱን ቁራጭ ሳብ ቢያደርጉት እንደ ቢላ ከአፎቱ ወጣ። ጫፉ ጠቁሮ ይሸታል፤ ሥር የሚባል አላበቀለም።

«ቅጠሉን ያወጣው ከራሱ ስንቅ ነው» አሉኝ። «ቅጠል ማውጣት ስንቅ መብላት ነው፤ ሥር መስደድ ነው ሥራ መጀመር። እኛ ሲበላ አይተን ሥራ ጀመረ አልን።»

ስህተቱ የደገኛ ስህተት ነበር። እኛ ተከላን ከሐምሌ ውጭ አናውቀውም፤ ዘመቻውም ሪፖርቱም በሐምሌ ነው። የዋርካ ቁራጭ ግን በበጋ፣ ወተቱ ባነሰበት ጊዜ ተቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ከርሞ፣ መሬቱ ጭቃ ሳይሆን በመጀመሪያው ዝናብ መተከል ነበረበት። በወተት የተሞላውን ትኩስ ቁስል በክረምት ጥቁር አፈር ውስጥ ቀብረን አበሰበስነው። በሚቀጥለው ዓመት እንሞክረው ስንል የገበያው ሰው እምቢ አለ። አጥሩን ነቅሎ አነደደው። አንድ ጊዜ ያፈረ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ጉድጓድ አይቆፍርልህም። አዲ አርቃይን ትቼ ስሄድ ገበያው አሁንም ጥላ አልነበረውም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ምድቤ በዛሪማ አካባቢ ነበር። ከዚያ ወረድ ብላ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ አለች፤ ስሟን አልጠቅስም። መሐሏ ላይ ከማንም ዕድሜ የሚበልጥ ዋርካ ቆሟል። በዚያ ጥላ ሥር የሚሸጠው ቅቤ ነው። የደጋ ሴቶች ከደባርቅ በኩል ቁልቁለቱን በሌሊት ወርደው ያመጡታል፤ በዚያ ሙቀት ቅቤ ሊሸጥ የሚችለው ከዋርካው ሥር ብቻ ነው። የጥላው ቦታ ለእያንዳንዷ የታወቀ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ባለቤቷ ባትመጣ እንኳ ሌላ ሴት አትቀመጥበትም። በስተምዕራብ፣ የጧቱ ጥላ የሚወድቅበትን የተሻለ ቦታ የያዙት እትዬ የሺ ነበሩ። እናታቸውም እዚያው ሸጠዋል።

እኔ የተጠራሁት ዛፉን ለማስቆረጥ ነው። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ለከተማዋ የሚያስብ ወጣት ሰው ነበር። በዋርካው ቦታ ረጅም የቆርቆሮ መሸጫ ለማሠራት አስቧል፤ ግማሹ ከጎኑ ተሠርቶም አልቋል። ከዛፉ አንዱ ትልቅ ቅርንጫፍ ሕዝብ ተሰልፎ በሚውልበት በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለፈው ክረምት ከእርሱ ላይ ሰው የሚያህል ቁራጭ ወድቆ የአንድ አህያ ወገብ ሰብሯል። «አሁን አህያ ነው፤ ነገ ሰው ነው» አለኝ። «ለጥላው አታስቢ፤ ቆርቆሮ ጥላ ነው። ዛፉንም ቢሆን እናንተ ሌላ ትተክሉልናላችሁ።»

ሌላ ትተክሉልናላችሁ ሲለኝ አዲ አርቃይ ላይ የበሰበሰው ቁራጭ ሽታ ትዝ አለኝ። ዋርካ ከተቆረጠ በሌላ እንደማይተካ፣ ቢተካም እነዚህ ሴቶች እንደማይደርሱበት ከኔ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ አልነበረም። አስተያየቱን የምጽፈውም የምፈርመውም እኔ ብቻ ነኝ። ዛፉ ይቆረጥ ብል የእነ እትዬ የሺ ገበያ ያበቃል፤ ይቆይ ብዬ ቅርንጫፉ ሰው ላይ ቢወድቅ ደግሞ ፊርማው የኔ ነው።

ጥላው ዳር ቆሜ መሬቱን አየሁ። ከወፍጮ ቤቱ በኩል ብቻ የበሰበሰ ቅርፊት ረግፏል፤ በሌላው ዙሪያ ንጹሕ ነው። ከእትዬ የሺ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥላው ሲዞር ሴቶቹ ሳይነጋገሩ፣ ተራቸውን እንደያዙ አብረውት ፈቀቅ ይላሉ፤ የቀትሩን ጥላ በትክክል የሚያሳየኝ የቅቤያቸው ሰልፍ ነበር።

«አንቺ ዝምተኛ፣ ቅቤ ልትገዢ ነው ወይስ ዛፉን ልትቀብሪ?» አሉኝ እትዬ የሺ።

«ላንኳኳው ነው» አልኩ።

«አንኳኪ። በሩ ግን አይከፈትም።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መዶሻዋን ጋሽ ደረሰ ጡረታ ሲወጡ ሰጥተውኝ ነበር። ግንዱን ከሥር እስከ እጄ መድረሻ ዙሪያውን ሰማሁት፤ ድፍን ነው። መሰላል አስመጥቼ ትልቁን ቅርንጫፍ መታሁ። ጮኸ። ቅርንጫፉ ከግንዱ እስከሚገናኝበት አንገት ድረስ እየመታሁ ተመለስኩ፤ አንገቱ ላይ ድምፁ እንደገና ደረቅ ሆነ። ይህ ማለት መበስበሱ ወደ ግንዱ አልገባም ማለት ነው። እርግጠኛ ብሆንም ለጋሽ ደረሰ ደወልኩላቸው።

«ስልኩን ላስጠጋልዎትና ልምታ?»

«ዛፍ በስልክ አይሰማም» አሉኝ። «አንቺ ምን ሰማሽ?»

«ግንዱ ድፍን ነው። ቅርንጫፉ ባዶ ነው። አንገቱ ደህና ነው።»

«እንግዲያ ለኔ ምን አስደወለሽ?» ብለው ዘጉት።

ስብሰባው በቀትር፣ በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተጠራ። እዚያ ተነሥቼ ስለ ዛፍ ትነትና ስለ ሙቀት ማብራራት እንደማልችል አውቅ ነበር፤ ድምፄ ከሁለተኛው ወንበር አያልፍም። ስለዚህ አስቀድሜ እትዬ የሺ ዘንድ ሄጄ አንድ ድቡልቡል ቅቤ ለሁለት እንዲከፍሉልኝ ለመንኳቸው። ግማሹ ከዋርካው ሥር ከእርሳቸው ዘንድ ቀረ። ግማሹን ሣህን ላይ አድርጌ ከስብሰባው ጠረጴዛ አኖርኩና ተቀመጥኩ።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ከተማዋ ዕድገት ተናገረ። ጥሩ ንግግር ነበር። በመሐሉ ቅቤው አንጸባረቀ፤ ቀጥሎ ጎኑ ተንሸራተተ። አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ከሣህኑ አራቁ። ላቡን እየጠረገ የነበረው ገንዘብ ያዥ ዓይኑን ሣህኑ ላይ ተከለ። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን አቋርጦ፣ «ይህ የማን ቅቤ ነው?» አለ።

«የእትዬ የሺ ነው» አልኩ። «ግማሹ ከዋርካው ሥር አለ።»

እትዬ የሺን ጠሯቸው። የቀረውን ግማሽ በቅጠል ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ እንደተድቦለቦለ ነው። የቀለጠውን አዩት። «ይህንንማ ወጥ ሥሩበት» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወደኔ ዞረ።

«ጥላው ገብቶኛል። ቅርንጫፉስ? ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?»

ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ቅቤ የማይመልሰው። ተነሣሁ። «ወደ ወፍጮ ቤቱ የዞረው ቅርንጫፍ ውስጡ ባዶ ነው፤ እርሱ ይወርዳል። ግንዱ ድፍን ነው፤ ዛፉ ይቆማል። በስሜ እፈርማለሁ» አልኩ። ድምፄ ከሁለተኛው ወንበር አለፈ። ከመሸጫው ጥግ አንድ ሰው፣ «ሰምተናል» አለ።

ቅርንጫፉን ለመቁረጥ ምልክት ሳደርግ ግን ያላሰብኩትን አየሁ። የጥላው የጧት ክፍል የተንጠለጠለው በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እርሱ ሲወርድ ፀሐይ የምትገባው በትክክል በእትዬ የሺ ቦታ ላይ ነው። ሳልነግራቸው መቁረጥ አልሆነልኝም። ሄጄ ከፊታቸው ቁጢጥ አልኩና ነገርኳቸው።

ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩት። «ቅርንጫፉ ቢወድቅ በማን ላይ ነው?»

«ወፍጮ ቤት በተሰለፉት ላይ።»

«እንግዲያ ምነው ትጠይቂኛለሽ?» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

ገበያ ባልሆነ ቀን አወረድነው። መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ መጋዝ አስገባን፤ አለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል። ከዚያ ከላይ ቆርጠን በገመድ ቀስ ብለን አወረድነው፤ በመጨረሻ ጉቶውን ከአንገቱ ፊት፣ አንገቱን ሳንነካ አስተካከልን። ወተቱ በመጋዙ ላይ ፈሰሰ። የወረደው ቅርንጫፍ ውስጡ እንደ ቧንቧ ክፍት ነበር፤ የተቆረጠበት ቦታ ግን ነጭና ጤነኛ እንጨት ነው። ሥራ አስኪያጁ በጣቱ ዳሰሰው። በማግስቱ የቆርቆሮው መሸጫ ዛፉ ጋ ሳይደርስ እንዲያበቃ አዘዘ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በጧት እዚያ ነበርኩ። እትዬ የሺ ሸክማቸውን እንዳዘሉ ከቦታቸው ፊት ቆመው ነበር። ሰፊ የፀሐይ ክብ በእናታቸው ቦታ ላይ ወርዷል። ሌላ ቦታ አላዩም፤ ሁሉም የሌላ ሰው ስለሆነ። ገዢዎች መምጣት ጀምረዋል።

አጠገባቸው የምትሸጠው ሴት ቅርጫቷን በጉልበቷ ገፋችው። «ጠጋ» አለች ለቀጣይዋ። ቀጣይዋ አጉረመረመች፤ «እዚህም ጠባብ ነው» ብላ ግን ተጠጋች። «ጠጋ በይ።» «የት ልጠጋ፣ ግንዱ ውስጥ?» ቃሉ በሰልፉ ላይ ዞሮ ሄደ፤ ሁሉም ከወረሱት ቦታ እየቆረሱ ተንሸራተቱ። እትዬ የሺ ሸክማቸውን አወረዱና ባገኙት ክፍተት ገቡ።

ከሰልፉ መጨረሻ የነበረችው ወጣት ሴት ግን መጠጊያ አጣች። ግማሽ አካሏ ከጥላው ውጭ ወጥቷል። ቀና ብላ የተከፈተውን ሰማይ አየችና ወደኔ ዞረች።

«አንቺ የዛፏ ልጅ፣ ይህ ቀዳዳ መቼ ይሞላል?»

«አጠገቡ ያሉት ቅርንጫፎች ይሞሉታል» አልኳት። «ሦስት ክረምት ይፈጃል። ምናልባት አራት።»

አሰበችበት። «እሺ» አለችና ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ቅቤውን ወደ ጥላው አስገብታ ራሷ ከፀሐዩ በኩል ተቀመጠች።